ከካርድ ክፍሉ ዝርዝር የቀሩ ጎጦች

ተመርቄ ቆቦ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስቀጠር የሥራ መደቤ «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ» ይባል ነበር። ይህን ረጅም ስም ግን ከቅጥር ደብዳቤዬ ውጭ የትም አላየሁትም። ለጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ «አይቲዋ» ነበርኩ። «አይቲዋ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት በላ!» «አይቲዋ፣ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ!» ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ ከአስፋልቱ የሚነሳው አቧራ በመስኮቱ ይገባል፤ እኔም ብሩሽ ይዤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የኮምፒውተር ሆድ ስጠርግ እውላለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ከትምህርት ቤት ጋር የተሰናበትኩት ነገር መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጤና ጣቢያው አዲስ የካርድ ምዝገባ ሲስተም መጣልን። አንድ ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ አሠርቶ ያስመጣው ነው። በሽተኛ ሲመጣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌውና ጎጡ ይሞላል። ቀበሌና ጎጥ በጽሑፍ አይገቡም፤ ከዝርዝር ይመረጣሉ። ስክሪኑ ላይ በምትታየው ሳጥን ጠርዝ ያለችውን ቀስት ስትጫኑ ስሞቹ ወደ ታች ይዘረገፋሉ፤ ከእነሱ አንዱን መምረጥ ነው። ስሞቹን ግን ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ከየት እንደሆነ ካላወቅነው አሮጌ ሰነድ ወስደው ፕሮግራሙ ውስጥ አትመዋቸዋል። ጎጡ ላልተገኘለት ሰው ከሁሉም በታች ያለችው «ሌላ» የምትል ቃል ትመረጥለታለች።

ካርድ ክፍል የምትሠራው በዕድሜ ከእኔ በጣም የምትበልጥ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት ሴት ነበረች። ሰልፉ በር አልፎ ግቢ ውስጥ ሲጠማዘዝ እንኳ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ጎጡን ትፈልጋለች፤ ካጣችው «ሌላ»ን ትጫንና «ቀጥል» ትላለች። ሌላ ምን ታድርግ?

አንድ ቀን ጠዋት የቲቢ ክፍሏ ሲስተር አንድ ካርድ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናደድ ቃላቷን እየቆጠበች የምትናገር ሴት ነበረች።

«አይቲዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ሌላ የሚባል ጎጥ የት ነው ያለው? ንገሪኝና ልሂድ።»

ሳቄ መጣ። ፊቷን ሳየው ዋጥኩት።

«አንድ አባት አሉ» አለችኝ ተቀምጣ። «የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ነበር። ደህና ሲከታተሉ ቆይተው ድንገት ቀሩ። መድኃኒቱ ደግሞ መሃል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ተመልሶ ይነሳል፤ ያን ጊዜ በቀላል መድኃኒት አይበገርም። ቤተሰባቸውም አብሮ አለ፤ ይተላለፍበታል። ልፈልጋቸው ብል ካርዱ ላይ ያለው ይኸው ነው።» ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው። ጎጥ፦ ሌላ። የተሰጠው የወንድማቸው ልጅ ስልክ ነበር፤ ሲደወል ዝግ ነው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሲስተር ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ወጣሁ። ያባትየው ስም በራያ ምድር የሞላ ስለሆነ በስም ብቻ መጠየቅ አላዋጣንም። ፍየል ተራ ገብተን፣ ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የቆሙትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ስንጠይቅ ቆየን። በመጨረሻ አንዱ መልካቸውን ስንገልጽለት አወቃቸው።

«ያ የሚያስለው ሰውዬ? ከብቶቹን ይዞ ዞብል ተራራ ግርጌ ወዳለው ጎጡ ወርዷል። ሣር ያለው እዚያ ነዋ» አለ፤ ጎጡንም በስም ነገረን።

የተኮናተርነው ባጃጅ የሚችለውን ያህል ወሰደንና መንገዱ አሸዋ ሲሆን አወረደን። የቀረውን በማሽላው መሃል በእግራችን ሄድን። ማሽላው ከቁመታችን በላይ ስለነበር ከፊት ያለው አይታይም፤ የከብት ደወል ስንሰማ ወደ ድምፁ እንዞራለን። አባትየውን አንድ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሲስተርን ሲያዩ ደንግጠው ተነሱ።

«ቢስሚላህ! እዚህ ድረስ? በደህና ነው?»

«እርስዎ ከጠፉ ምን ደህና አለ አባባ?» አለች ሲስተር። «መድኃኒትዎን ለምን ተዉት?»

«ሳሉ ተወኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ ብዬ ነው ልጄ። ከብቱስ ለማን ይተዋል?»

«ሳሉ ተወዎት እንጂ በሽታው አልተወዎትም።»

ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ቅሬታም እንደ ግርምትም በሆነ ድምፅ፣ «ደግሞ ጠፋ ማለትስ ምንድን ነው? ጎጤን እኮ ለዚያች ካርድ ለምትጽፈው ነግሬያታለሁ። በአፌ ነግሬያታለሁ» አሉ።

ሲስተር ቅርብ ካለው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አገናኝታቸው፣ መድኃኒቱን ከብታቸውን ሳይለቁ እዚያው እንዲወስዱ አደረገች። ስንመለስ እትዬን ጠየቅኳት።

«አዎ፣ ነግረውኛል» አለች ሳትደብቅ። «አልረሳሁትም። ግን ዝርዝሩ ላይ የለማ! የሌለውን ከየት አምጥቼ ልምረጥ?»

ሰልፈኛው ሲያልቅ በእሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና ራሴን እንደ በሽተኛ ለመመዝገብ ሞከርኩ። እኔ ከቆቦ ብዙ ከማትርቀው ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ ጎጥ ነው የተወለድኩት፤ አባቴና እናቴ ዛሬም እዚያው ናቸው። ቀስቷን ተጫንኩ። ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። የእኛ ጎጥ የለም። እናቴ ብትታመምና እዚህ ብትመጣ፣ በዚህ ሲስተም ዘንድ አገር የላትም ማለት ነው። ያን ጊዜ ለራሴ «ይህን ሳላስተካክል አልተኛም» አልኩ። በኋላ ብዙ ብተኛም ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

አዲስ አበባ፣ ሲስተሙን ወደሚከታተለው ባለሙያ ደወልኩ። ትሁት ሰው ነበር።

«እህቴ፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል።»

«መቼ ነው የሚቀጥለው?»

«ሲደርስ ይነገራችኋል።»

«ወንድሜ፣ እኔ ዝርዝሩን ልስጥህ፤ አንተ አስገባው።»

«ለአንድ ጤና ጣቢያ ብዬ ዋናውን ፕሮግራም መክፈት አልችልም» አለ። ከዚያ እንደማቅማማት ብሎ፣ «ፕላጊን ጽፈሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ፕላጊን ማለት ዋናውን ፕሮግራም ሳይነኩ ጎኑ ላይ የሚሰኩት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሲስተሙ ሲነሳ ፕላጊኖች የሚቀመጡበትን ፎልደር ያያል፤ ያገኘውንም አብሮ ያስነሳል። ሰውየው አንድ ናሙና በኢሜይል እንደሚልክልኝ ነገረኝ። ያን ናሙና ለማውረድ ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ሲወርድልኝ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቁልፍ ያወጣል፣ ቁልፉ ሲነካ «ሰላም» ይላል። ቢሆንም መግቢያ በር ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሐሳቤን ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ።

«ሲስተሙ ቢበላሽ ማን ይጠግንልናል? የአንቺ ሥራ ፕሪንተሩን ማሠራት ነው።»

«ፕሪንተሩም ይሠራል፤ ይህም ይሠራል።»

«ካልሆነስ?»

«ፎልደሩን ማጥፋት ነው፤ ሲስተሙ እንደ ነበረ ይመለሳል። ዋናውን አልነካም።»

ትንሽ አሰበና የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተር እንዳልነካ፣ መጀመሪያ መጋዘን በተጣለው አሮጌ ኮምፒውተር እንድሞክር ፈቀደልኝ። እሱንም ከተሰባበሩ አልጋዎች ሥር አውጥቼ አጽድቼ አስነሳሁት።

ስሞቹን ማግኘት ከሁሉም ቀላሉ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየወሩ ለስብሰባ ይመጣሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አስቀምጬ እያንዳንዷን «በቀበሌሽ ያሉትን ጎጦች ጥሪልኝ» አልኳት። ቤት ለቤት የሚዞሩ ስለሆኑ ሳያመነቱ ጠሩልኝ። ብዙዎቹ ስሞች ከጥንቱ ኦሮምኛ የመጡ ናቸው፤ ቡርቃ፣ ሐሮ የሚሉ። ቡርቃ የሚባል በሁለት ቀበሌ ነበር።

የመጀመሪያው ፕላጊኔ ስሞቹን ራሱ ውስጥ የያዘ ነበር። አንድ በአንድ በኮዱ ውስጥ ተየብኳቸው፤ ሳጥኗ ወጣች፤ ስሞቹ ተዘረገፉ። ደስ ብሎኝ እትዬን ጠርቼ አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችና «ከጎብዬ በላይ ያለችውን ትንሿን ጎጥ ረስተሻል» አለች። ጨመርኩላት። በማግስቱ ሌላ አመጣችልኝ። አሁንም ጨመርኩ። በሦስተኛው ግን እጄን ሰበሰብኩ። አንድ ስም በተጨመረ ቁጥር ኮዱን ከፍቼ፣ እንደገና ገንብቼ፣ ሲስተሙን አዘግቼ ልገለብጥ ነው? የአዲስ አበባዎቹ ከሠሩት በምን ተለየ? እነሱም እንደ እኔ ስሞቹን በኮድ ውስጥ አትመው ሄዱ። ዝርዝሩ ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም የሁሉም ክፍል መረጃ በሚጠራቀምበት ዋና ኮምፒውተር ላይ፣ በሰንጠረዥ መቀመጥ አለበት፤ ሳጥኗም ከዚያ እየጠየቀች መሙላት አለባት። እትዬ ራሷ ስም መጨመር መቻል አለባት። ቀበሌ ሲመረጥ ደግሞ የዚያ ቀበሌ ጎጦች ብቻ መውጣት አለባቸው። የጻፍኩትን አጥፍቼ ከዜሮ ጀመርኩ።

በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዡን ሠርቼ ሳጥኗን ከሱ ጋር ሳገናኛት መጀመሪያ የወጣልኝ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። በየስሙ ፈንታ «????» ተደርድሯል። ሲስተር ልታየኝ ገብታ «ጭራሽ ራሱ ይጠይቅሽ ጀመር?» ብላ ሳቀች። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ብቻ ነበር፤ ፊደላችንን እንዲቀበል አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ስሞቹ በአማርኛ ወጡ።

ከዚያ ትልቁ ችግር መጣ። በራሴ መሞከሪያ ኮምፒውተር የሚሠራው ፕላጊን ከሰርቨሩ ጋር በኔትወርክ ሳገናኘው ሳጥኗ ባዶ ትሆናለች። ስህተት ነው አይልም፤ አያጉረመርምም፤ ቀስቷን ስጫን ባዶ ነጭ መስመር ብቻ ይወጣል። ቀናት አለፉ። መብራት ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ ለማዋለጃ ክፍልና ለክትባት ፍሪጁ ብቻ ነው፤ ያላስቀመጥኩት ሥራ ሁሉ ይጠፋል። መብራት በሌለበት ሰዓት ኮዱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እጽፍና በጣቴ መስመር በመስመር እከተለዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ምንም ስህተት የለውም። ቤት አብራኝ የተከራየችው ጓደኛዬ «ለምን አትተዪውም? ደመወዝሽ አይጨምር» ትለኛለች። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። አንድ ቅዳሜ ወልዲያ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ፈጣን የተባለ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አሳትሜ ተመለስኩ። የታተመው አብዛኛው የእኔን ጥያቄ አይመልስም፤ አንዱ ገጽ ላይ ግን አንድ ቀላል ምክር ነበር፦ ፕሮግራሙ የትኛውን ሥራ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ካላወቅህ፣ በየቦታው ራሱ እንዲናገር አድርገው።

ሰኞ ጠዋት እንደተባለው አደረግሁ። በየደረጃው ትንሽ የመልእክት ሳጥን እንዲያወጣ ጻፍኩ። «ሳጥኗን እየሞላሁ ነው» የሚል አንድ፣ «ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁ» የሚል አንድ። ሲስተሙን አስነሳሁ። መጀመሪያ የወጣው «ሳጥኗን እየሞላሁ ነው» ሆነ። እሱን ስዘጋው ጥቂት ቆይቶ «ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁ» አለ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ሲስተሙ ገና ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኝ ፕላጊኔ ሄዶ ስሞቹን ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም፤ ባዶውን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዳግም አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ሞልቻለሁ ብሎ ያምናል። ስለዚህ መሙላቱን ከመነሻው ላይ አነሳሁት። ሲስተሙ ሲነሳ ሳጥኗ ባዶዋን ትቀመጥ፤ ሰው ቀስቷን ሲጫን ያን ጊዜ ሄዳ ትጠይቅ። ቀበሌ በተቀየረ ቁጥር የጎጡ ሳጥን የያዘውን ጥሎ አዲሱን ያምጣ። ጽፌ ጨርሼ ቀስቷን ስጫናት ስሞቹ ወረዱ። ቀበሌውን ቀየርኩ፤ ጎጦቹ ተቀየሩ። የሮቢቱን ቀበሌ መረጥኩ። የእኛ ጎጥ ከመሃል ላይ ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ ጮክ ብዬ ስሙን አነበብኩት።

ኃላፊው ራሱ መጥቶ ሞከረው። አንድ ስም ሰንጠረዡ ውስጥ አስጨመረኝ፤ ሲስተሙን ሳንዘጋ ቀስቷን ተጫነ፤ ስሙ መጣ። «እሺ» አለ፤ «ካርድ ክፍል አስገቢው። ዓይንሽን ግን እንዳትነቅዪበት።»

በመጀመሪያው ቀን ከእትዬ ጎን ተቀምጬ ዋልኩ። ከዞብል በኩል ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች።

«ጎጥሽ?» አለቻት እትዬ።

ሴቲቱ ነገረቻት። እትዬ ቀበሌውን መረጠች፤ ቀስቷን ተጫነች፤ አገኘችው። አንድ ጊዜ በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

በሳምንቱ ደግሞ አዲስ ጣጣ። እትዬ ስም መጨመር ስለቻለች፣ ከሰዓት በኋላ የሚተካትም ስለጨመረ፣ ሐሮ አንዴ በ«ሐ»፣ አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ በ«ኀ» ሦስት ጊዜ ተመዘገበ። ሲስተር ሪፖርት ስትሠራ አንዱ ጎጥ ሦስት ቦታ ተከፍሎ አገኘችው። «መጀመሪያ አገር አልነበረንም፤ አሁን በዛብን» አለችኝ። አዲስ ስም ሲገባ ፕላጊኑ እነዚህን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ ከነባሮቹ ጋር እንዲያመሳክርና «ይህ ስም አለ» እንዲል አደረግሁ። እትዬ አንድ ሁለት ጊዜ ተከራከረችው። «በ‹ሐ› ነው የሚጻፈው» ትላለች። በመጨረሻ ተስማምተን በ«ሐ» አጸናነው።

አባትየው መድኃኒታቸውን ጨረሱ። የመጨረሻውን ምርመራ ሊያደርጉ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ሲስተር ቢሮዬ ድረስ ይዛቸው መጣች። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጉንጫቸው ሞልቷል።

«ነጻ ሆኑ» አለችኝ ሲስተር።

«ይህቺ ናት እንዴ ጎጤን የጻፈችው?» አሉ። «እስቲ አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ በጣቴ እየጠቆምኩ የጎረቤት ጎጦችን ሁሉ እንድጠራላቸው ጠየቁኝ። እየጠራሁ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። አንዱ ጎጥ ላይ ስደርስ «እሱን አውጪው» አሉ፤ «ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል። ሰው የለበትም።» ሲስተር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ደውላ ጠየቀች፤ እውነት ነበር። አወጣሁት።

ወሬው ወደ ሮቢትና ጎብዬ ደረሰ። በሥራ ቀን ፈቃድ እየጠየቅሁ፣ ፍላሼን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ በሚኒባስ እየሄድኩ እዚያ ያንኑ ሲስተም ለሚጠቀሙት ጤና ጣቢያዎችም ጫንኩላቸው። በየቦታው የሚያቅት ነገር አይጠፋም፤ አንዱ ጋ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አንዱ ጋ ኮምፒውተሩ እኔ ከመጋዘን ካወጣሁት ይብሳል። ቢሆንም ሠራ።

ያ «በሚቀጥለው እትም» የተባለው ብዙ ቆይቶ መጣ። አዲሱ ሲስተም ያማረ ነበር፤ ቀለሙም ፍጥነቱም። በጫንነው ዕለት ግን የእኔ ፕላጊን አልነሳም። ዝርዝሩም እንደ ድሮው በኮድ የታተመ ነበር፤ በርከት ያሉ ጎጦች ተጨምረውበታል፤ ብዙዎቹ ግን አሁንም የሉም። ኃላፊው ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«ግድ የለም፤ ከበፊቱ ይሻላል። እንደዚሁ እንሥራበት።»

«አይ» አልኩት።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ያው ሰውዬ አነሳ። ፕላጊን የሚሰካበት መንገድ እንደተቀየረ ነገረኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ።

«አዲሱን ናሙና ላክልኝ» አልኩት።

«እንደገና ልትጽፊው ነው? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ስልኩን እንደዘጋሁት የጎብዬው ካርድ ክፍል ደወለ። የሚሠራው ወጣት ድምፁ ተጨንቋል፤ ሰልፉ ቆሟል፤ አዲሱ ሳጥን ውስጥ የሚፈልገውን ጎጥ አጥቷል። ለጊዜው ጎጡን ካርዱ ጀርባ ላይ በእጁ እንዲጽፈው፣ ከዚያ እንዲያሳልፋቸው ነገርኩት።

«እስከ መቼ?» አለኝ።

«ሐሙስ ጎብዬ እመጣለሁ» አልኩት፤ ወንበሬንም ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩ።